አፈሙዙን ወይስ ጠመንጃውን?

የጠመንጃ እርጅና ከአፈሙዙ ይጀምራል። ሰደፉ ቢሰነጠቅ አናጢ ይጠግነዋል፤ ማንገቻው ቢበጠስ ጠፍር ይተካዋል፤ ምላጩ ቢላላ ብልህ ቀጥቃጭ አንድ ዘዴ አያጣለትም። አፈሙዝ ግን የሚያረጀው ከውስጥ ስለሆነ ከውጭ ያየው ሰው አያውቅበትም። ተወልውሎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲያብረቀርቅ ያው የጥንቱ ጠመንጃ ይመስላል። ጉዱ የሚወጣው ተኩሰው ሲስቱበት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአፈሙዙ ውስጥ ዙሪያውን እየተጠመዘዙ የሚሄዱ ስስ ቦዮች አሉ። ጥይቷ በእነሱ መካከል ስታልፍ እንደ እንዝርት እንድትሾር ያደርጓታል። እንዝርት እስከሾረ ድረስ ቀጥ ብሎ እንደሚቆም ሁሉ፣ የምትሾር ጥይትም አፍንጫዋን ወደ ፊት ይዛ ትጓዛለች። ቦዮቹ ሲበሉ ሹረቷ ይጎድላል፤ በአየር ላይ ትንገዳገዳለች፤ ዒላማው ላይ በጎኗ የምታርፍበት ጊዜም አለ። ቦዮቹን የሚበሉት ደግሞ ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የባሩዱ ትኩስ ጋዝ ሲሆን የሚጀምረው ጥይቷ ከምትነሣበት ከጉሮሮው ነው። ሁለተኛው ዝገት ነው፤ የድሮ ጥይቶች መለኮሻ ከተኩስ በኋላ ጨው ትቶ ይሄዳል፤ ጨው እርጥበት ይጠራል፤ ጨዉን የሚያጥበው ውኃ ስለሆነ ዘይት ብቻ መቀባት አያድነውም። ሦስተኛው የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው፤ መወልወያው ራሱ ነው። በብረት ዘንግ ከአፉ በኩል ለዓመታት ሲፈተግ የኖረ አፈሙዝ፣ ጥይቷ የመጨረሻ ስንብቷን የምታደርግበት ከንፈሩ ያልቃል።

በአገራችን ገጠር ጥይት ውድ ነበር። አንድ ባላገር በዕድሜው ሙሉ የተኮሰው፣ አንድ የውጭ አገር ዒላማ ተኳሽ በአንድ ዓመት ከሚተኩሰው ባይበልጥ አይደንቀኝም። ስለዚህ ብዙዎቹ የአባት ጠመንጃዎቻችን የሞቱት በተኩስ ብዛት አይደለም። አንዳንዱን ቸልታ፣ አንዳንዱን ደግሞ ፍቅር ገድሎታል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ስለ ጠመንጃ ሥራ ትምህርት ልሰጥ ብዬ አይደለም። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ነው። ነገር ግን ባላገር የሚኖር የአክስቴ ልጅ በስልክ ያቀረበልኝ አንድ ጥያቄ ከርሟል፤ ካሰብኩት በላይ ጠልቆ አገኘሁት። «ጋሼ፣ የአባባ ቤልጅግ አፈሙዙ ሞቷል። ከተማ ያለ አንድ የቶርኖ ባለሙያ የሌላ ጠመንጃ አፈሙዝ ገጥሜ እንደ አዲስ አደርገዋለሁ ይላል። ልጄ ደግሞ ይሄን ሽጠን አዲስ እንግዛ ይላል። አንተ የተማርህ ሰው ነህ፤ የትኛው ይሻላል?» ትንሽ ዝም አለና የልቡን አስከተለ፦ «አፈሙዙ ከተለወጠ ወዲያስ የአባባ ጠመንጃ ይባላል?»

ቤልጅግ ስሙን ያገኘው ከተሠራበት አገር ነው። ከሊዬዥ ከተማ አጠገብ ኤርስታል በሚባል ቦታ በ1889 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ፋብሪካ በጀርመኑ ማውዘር ሥሪት ያወጣቸውን ጠመንጃዎች የኢትዮጵያ መንግሥት ከጣሊያን ወረራ በፊት ገዝቶ ነበር። ጠመንጃን በአባቱ ወይም በአገሩ ስም መጥራት የቆየ ልማዳችን ነው። «ፉዚ ግራ» የሚለውን ፈረንሳይኛ ውጅግራ አልነው፤ ማንሊኸርን ምንሽር፣ ለበልን ለበን፣ አልቢኒን አልቤን አደረግነው። ብረቱን ባንሠራውም ስሙን እንደገና ሠርተነዋል። ይህኛው ቤልጅግ የአክስቴ ባል ከአባታቸው የወረሱት ነው። አባትየው በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ታጥቀውታል፤ ልጅየው ደግሞ በገደሉ አፋፍ ድኩላና ሚዳቋ አድነውበታል፤ አንድ ጊዜም የመንደሩን ፍየል ሲፈጅ የከረመ ነብር ጥለውበታል። እንግዲህ ሦስተኛው ትውልድ ነው የሚጠይቀኝ፤ አራተኛው ደግሞ ከጀርባው ቆሞ ያዳምጣል።

መጀመሪያ የሚመጣው የደኅንነት ጉዳይ ነው። አፈሙዝ መለወጥ የመጥረቢያ እጀታ እንደ መለወጥ አይደለም። አዲሱ አፈሙዝ ወደ መሐሉ ብረት ተጠምዝዞ ሲገባ፣ ጥይቱ የሚጎርስበት ጉድጓድ ከመዝጊያው ጋር በልክ መግጠም አለበት። በጥይቱ ቂጥና በመዝጊያው መካከል የሚቀረው ክፍተት በሚሊሜትር ክፍልፋይ የሚለካ ነው። ልኩን ካለፈ ቀለሁ ይቀደድና ትኩሱ ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። ለዚህ ነው ጠመንጃ በሚሠራባቸው እንደ ቤልጅግ ባሉ አገሮች አንድ ጠመንጃ ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ከመደበኛው የበረታ ጥይት ተተኩሶበት ተፈትኖ ማኅተም የሚመታበት። ቶርኖ ያለው ሁሉ ጠመንጃ ሠሪ አይደለም። በር የሚያበጅ እጅ የተባረከ እጅ ነው፤ መለኪያው ከሌለው ግን ሰውየውን ለሐዘን ያበቃዋል። በሕግም በኩል ቢሆን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ መሣሪያ መያዝ ፈቃድ የሚያስፈልገው ጉዳይ ነው። ይህን ሁሉ ነገርኩት። ግን እሱም እኔም ጥያቄው እዚህ ላይ እንደማያልቅ እናውቅ ነበር። እንበልና ባለሙያው እውነተኛ ባለሙያ ሆነ፤ ፈቃዱም ተሟላ። ያን ጊዜስ? ያ ጠመንጃ የማን ነው? ደግሞስ ያው ነው?

የሚገርመው ነገር ለዚህ ጥያቄ ሕግ አውጪዎችም መልስ ለመስጠት መገደዳቸው ነው። በአሜሪካ የ1968ቱ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ጠመንጃ የሚለው መሐሉን ብረት ነው፤ መዝጊያውን የሚያቅፈውን አካል። በአሜሪካኖች ዓይን አፈሙዝ ቢለወጥ ጠመንጃው ያው ነው፤ አፈሙዝ መለዋወጫ ዕቃ ነው። ጀርመኖች ደግሞ አፈሙዙን ራሱን ከዋና ዋና ክፍሎች ቆጥረው እንደ ጠመንጃው ይቆጣጠሩታል። ሁለቱም ሕዝቦች ብረት አዋቂዎች ናቸው፤ ግን የጠመንጃ ነፍስ ከወዴት እንዳለች አልተስማሙም። ከዚህ የምረዳው ነፍሲቱን ብረቱ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት እንደማይቻል ነው። ሕጉ የሚያመለክተው ብረቱን ሳይሆን እኛ ልንቆጣጠር የፈለግነውን ነገር ነው።

ፍልስፍና ያነበበ ሰው እዚህ ላይ የግሪኮቹን መርከብ ያስታውሳል። ፕሉታርክ እንደተረከው አቴናውያን የጀግናቸውን የቴሴዎስን መርከብ ሳንቃው በበሰበሰ ቁጥር እየለወጡ ሲያቆዩት፣ ፈላስፎች ያው መርከብ ነው፣ አይደለም እያሉ ይከራከሩበት ጀመር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ሆብስ ነገሩን አጠበቀው፦ የወጡትን አሮጌ ሳንቃዎች አንድ ሰው ሰብስቦ መልሶ ቢገጥማቸው እውነተኛው መርከብ የትኛው ነው? የአክስቴ ልጅም ቤት ይኸው ጥያቄ ይገባል። አዲሱ አፈሙዝ ሲገጠም አሮጌው የትም አይሄድም፤ ማእዘን ላይ ይቆማል። ነብሩን የገደለችው ጥይት ያለፈችው በማእዘኑ ብረት ውስጥ ነው። እንግዲህ የአባባ ጠመንጃ በትከሻ ላይ ያለው ነው ወይስ በማእዘን የቆመው?

ለዚህ ግን አቴና ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። የራሳችን ሰዎች ይህን ጥያቄ ኖረውበታል። የፈረስ ስምን ተመልከቱ። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ነበሩ። ፈረስ ይሞታል፤ በጦር ይወጋል፤ ያረጃል። ስሙ ግን ከሰውየው ጋር ይኖራል፤ አልፎም ሰውየው ከሞተ በኋላ ይዘፈናል። ፈረሱ ሞተ ተብሎ አባ ዳኘው ስሙን አልተነጠቀም። ሌላም ምሳሌ አለን። ቤተ ክርስቲያን ቢቃጠልና እንደገና ቢታነጽ፣ ታቦቱ እስካለ ድረስ ደብሩ ያው ደብር ነው። ታቦት ከሌለ ግን የቱንም ያህል ያማረ ሕንጻ ቢሆን አዳራሽ ነው። የአክሱም ጽዮን በ16ኛው ክፍለ ዘመን በጦርነት ጠፍታ በ17ኛው አፄ ፋሲለደስ እንደገና አሠሯት፤ ማንም ሌላ ጽዮን ናት አላለም። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ደግሞ ሰፊው ቤተ ክርስቲያን ከጎኗ ሲሠራ አሮጌዋ አልፈረሰችም። የእኛ አባቶች የአንድን ነገር ማንነት የሚፈልጉት ከሚታየው ድንጋይና ሣር ሳይሆን ድንጋዩ ከተደረደረለት ነገር ነው።

ጠመንጃን ከታቦት ጋር አንድ ላይ ማንሣቴ ይቅር ይባልልኝና፣ በዚህ ሚዛን ብንሄድ የአክስቴ ልጅ አፈሙዙን ያለ ሐሳብ መለወጥ ይችላል ማለት ነው። የጠመንጃዎቹ ታሪክም ራሱ ይህን ይደግፋል። ስናይደር የሚባለው የእንግሊዝ ጠመንጃ በ1866 እ.ኤ.አ. የተወለደው ከአፉ ይጎርስ የነበረውን ኤንፊልድ ከኋላው ቆርጦ መክፈቻ በማበጀት ነው። ከውጅግራዎቹ ብዙዎቹ ቀድሞ ሻስፖ የሚባል፣ የወረቀት ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ ነበሩ፤ የብረት ቀለህ እንዲጎርሱ ተለውጠው ነው ግራ የተባሉት። ጣሊያኖችም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጠመንጃ ሲያጥራቸው የድሮውን 10.35 ሚሊሜትር ቬተርሊ ከውስጥ አስፍተው ቀጭን ቱቦ አስገቡበትና 6.5 ሚሊሜትር ጥይት እንዲተኩስ አደረጉት። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከጮኹት ውጅግራዎች መካከል አንዳንዶቹ እንዲህ ሁለት ጊዜ የተወለዱ ቢሆኑ አይደንቅም። ማንም ግን ውጅግራውን «ያንተ አባት ሻስፖ ነው» ብሎ አልሰደበውም። ጠመንጃ ከመጀመሪያውም የሚጠገን፣ የሚለወጥ፣ የሚዋሐድ ነገር ነው። ለንጽሕናው መጨነቅ የእኛ የኋለኞቹ ፈሊጥ ነው።

እስከዚህ ድረስ ክርክሩ ለቶርኖው ሰውዬ ያደላል። ነገር ግን የፈረስ ስሙን ምሳሌ ደግሜ ሳስበው አንድ ነገር ተገለበጠብኝ። በፈረስ ስም ላይ ፈረሱ ይለወጣል፤ ሰውየው ግን ያው ነው። ስሙ የሚዘልቀው ፈረሰኛው ስላልተለወጠ ነው። በአባት ጠመንጃ ላይ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። ጠመንጃው ያው ነው፤ የተለወጠው ሰውየው ነው። አባትየው ሞተዋል፤ ልጅ ተተክቷል፤ የልጅ ልጅ ይጠብቃል። እንግዲህ «ይህ ጠመንጃ ያው ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ አድራሻውን ስቷል ማለት ነው። መጠየቅ ያለበት «እኔስ ያ ጠመንጃ የታመነበት ሰው ነኝ ወይ?» ተብሎ ነው። አፈሙዝ ቢለወጥ ባይለወጥ የሚቀል ወይም የሚከብድ ጥያቄ አይደለም ይኼ።

ለመሆኑ የታመነበት ሰው ምን ዓይነት ሰው ነበር? ስለ አባቶች ስናወራ ማሳመር እንወዳለን፤ እውነቱን መነጋገር ይሻላል። በአዳኝ ባህላችን ግዳይ ክብር ነበር። አንበሳ የገደለ፣ ዝሆን የገደለ፣ ጎሽ የገደለ ይፎክር ነበር፤ በዚያው ፉከራ ሰው የገደለም ይቆጠር ነበር። ጠመንጃ ሲስፋፋ አራዊቱ ምን እንደሆኑም እናውቃለን። ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኘው ዋልያ አይቤክስ ቁጥሩ ወርዶ፣ በ1969 እ.ኤ.አ. ፓርክ ተከልሎለት፣ ቦታው በ1978 የዓለም ቅርስ ሆኖ፣ ከ1996 እስከ 2017 ደግሞ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ከርሟል። ያን ያደረሰው ጠመንጃ ብቻ አይደለም፤ እርሻና ከብትም አሉበት። ግን ጠመንጃውም አለበት። «የአባት ዕዳ ለልጅ» ስንል ገንዘቡን ብቻ ማለታችን ከሆነ ተረቱን አሳንሰነዋል።

ሆኖም የአባትየው ሌላ መልክም አለ። የአክስቴን ባል አውቃቸዋለሁ። አምስት ጥይት ይዘው ወጥተው አምስቱን ይዘው ሲመለሱ አይከፋቸውም ነበር። ድኩላዋ ግልገል ካስከተለች አይተኩሱም፤ ካልቀረበች አይተኩሱም፤ ከኋላዋ መንደር ካለ አይተኩሱም። ይህ ትዕግሥት የመጣው ከደግነት ብቻ ነው አልልም። ጥይት ብርቅ ስለነበር፣ የሳተ ጥይት እንደ ጠፋ በግ የሚቆጠር ስለነበርም ነው። ድህነት አንዳንዴ ጨዋነትን ያስተምራል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ቁም ነገሩ ያ ትዕግሥት አፈሙዙ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ከአዲሱ አፈሙዝ ጋር ተጠምዝዞ አይገባም፤ ከአዲስ ጠመንጃ ጋርም በሳጥን ታሽጎ አይመጣም።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። የአክስቴ ልጅ በሦስተኛው ስልክ ነው የነገረኝ። ጠመንጃው ይሥራ፣ ካልሆነም አዲስ ይገዛ እያለ የሚወተውተው የበኩር ልጁ ከጎረቤት ጋር የድንበር ጠብ አለበት። አንድ ክንድ የማትሞላ የወሰን መሬት ናት። ሽማግሌ ገብቶባታል፤ ገና አልበረደችም። «ለዝንጀሮው ነው የሚለው» አለኝ። «አንተስ ምን ይመስልሃል?» ስለው ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ያ ዝምታ ከጠየቀኝ ጥያቄ ሁሉ ይበልጥ ግልጽ ነበር።

እኔም የመሰለኝን ነገርኩት። አፈሙዙን አትለውጥ፤ ጠመንጃውንም አትሽጥ። ፈቃዱን አሟልተህ፣ ዝገቱን ጠብቀህ፣ ጥይት ሳታኖርለት ዝም ብሎ ይኑር። ሥራውን ጨርሷል። አባትህም ሥራቸውን ጨርሰው ሲያርፉ ጉልበታቸውን እንለውጥላቸው አላልንም።

መልሱ ፈጣን ነበር፦ «ጋሼ፣ ዝንጀሮ ግን ፍልስፍና አይፈራም!»

ሳቅን። ግን እውነቱን ነው፤ ይህ ተቃውሞ በሳቅ የሚታለፍ አይደለም። ከተማ ተቀምጦ፣ እህሉን ከሱቅ እየገዛ፣ ለገበሬ «ጠመንጃህ ይረፍ» ማለት ቀላል ነው። በቆሎው በአንድ ማለዳ የሚወድምበት ሰው ስለ ማንነት ጥያቄ ለማሰላሰል ጊዜ የለውም። ማማ ሠርቶ፣ ወንጭፍ ይዞ፣ ልጆቹን እያፈራረቀ መጠበቅ ይቻላል፤ ግን ልጆቹ ትምህርት ቤት መሄድ አለባቸው። ይህን ሁሉ አምኜ እቀበላለሁ። መልሴ ግን ይህ ነው፦ አስፈላጊነት የራሱ ስም አለው፤ በራሱ ስም ይምጣ። ለሰብል ጥበቃ መሣሪያ ካስፈለገ ያ ጉዳይ በአደባባይ ይነገር፤ ለቀበሌውም ለሽማግሌውም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የድንበር ጠብ ላለበት ጎረቤት። «ዝንጀሮ በላኝ፤ መሣሪያ ላወጣ ነው፤ ዘርህንም ከዘሬ ጋር እጠብቅልሃለሁ» ብሎ ለጎረቤቱ መናገር የቻለ ሰው አዲስ ጠመንጃ ቢይዝ አልፈራለትም። መናገር ያልቻለ ግን አፈሙዙን የሚያስለውጠው ለዝንጀሮ አይደለም። «የአባቴ ጠመንጃ ነውና ይጠገን» የሚለው ቃል ያማረ ቃል ነው፤ ያማረ ቃል ደግሞ ክፉ ሐሳብን ለመሸፈን ከሁሉ ይመቻል። የአባትን ስም ለአንድ ክንድ መሬት መከለያ ማድረግ ጠመንጃውን ከመሸጥ የከፋ ክህደት ነው።

የሚሸጥበትን መንገድም በዚሁ ዓይን ነው የማየው። አሮጌውን ሸጦ አዲስ መግዛት በራሱ ነውር የለበትም። የሚቸግረው ስንለውጥ ምን እንደለወጥን አለማወቃችን ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ሴትዮ ጥፋቷ መመኘቷ አልነበረም፤ በብብቷ ምን እንደያዘች መርሳቷ ነው። ከዚህ ሁሉ ተነሥቼ ለራሴ የምይዘው መለኪያ ሦስት ነው። ሥራው እንዲቀጥል የምንፈልገውን ነገር እንጠግናለን። ጥቅሙን ብቻ የምንፈልገውን ነገር እንተካለን። ሥራውን የጨረሰውን ነገር ደግሞ አክብረን እናስቀምጣለን። ስሕተት የሚመጣው ሦስቱን ስናደባልቅ ነው፤ ያበቃውን ስንጠግን፣ መቀጠል የሚገባውን ስንጥል፣ ለጥቅም የገዛነውን ስንሳለም።

የአገር ነገርም ከዚህ አይርቅም። ከ1931 እስከ 1995 እ.ኤ.አ. ባሉት 64 ዓመታት ውስጥ አራት ሕገ መንግሥት ወጥቶልናል፤ በ1931፣ በ1955፣ በ1987 እና በ1995። ከአራቱ «የተሻሻለ» የሚለውን ስም የያዘው የ1955ቱ ብቻ ነው፤ እሱ አፈሙዝ መለወጥ ነበር ማለት ይቻላል። ሌሎቹ ሲመጡ የቀደመው ከነሰደፉ ተወርውሯል፤ የመጀመሪያው ደግሞ ከፊቱ የተጻፈ አልነበረውም። ከፍተኛ ትምህርታችን በተቃራኒው ነው። በ1950 እ.ኤ.አ. ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው ተቋም በ1961 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1975 ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ስሙ ሲለዋወጥ ግቢው፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ የመምህርና የተማሪ ሰንሰለቱ ቀጠለ። ስሙ ስለተቀየረ ተቋሙ ሞተ ያለ ሰው አላጋጠመኝም። እንግዲህ መጣልንም መለወጥንም ሞክረናል፤ አንዱ ከአንዱ ሁልጊዜ ይሻላል ለማለት የሚያስደፍር ነገር አላየሁም።

ያላየሁት ሌላ ነገር አለ። አዲስ አፈሙዝም ሆነ አዲስ ጠመንጃ በመጣ ቁጥር፣ በማነጣጠሪያው ላይ የሚያየው ዓይን ሲመረመር አላየሁም። መሣሪያው የተበላሸ ነው እንላለን፤ እውነትም ተበላሽቶ ይሆናል። አዲሱ ቀጥ ብሎ ይተኩሳል። ቀጥ ብሎ መተኮስ ግን በጎ የሚሆነው የሚነጣጠርበት ነገር የሚገባ ሲሆን ብቻ ነው። ባልተገባ ነገር ላይ ለተነጣጠረ ሰው ጥይቷን የሚያስት ያረጀ አፈሙዝ ሳይታወቅ የኖረ በረከት ነው። ስለዚህ ብረት ከመለወጣችን በፊት ማን እንደሚይዘውና ወዴት እንደሚያይበት እንጠይቅ። ለዚህ ጥያቄ ቶርኖ ቤት መልስ የለውም፤ ገበያም አይሸጠውም። ጎረቤታችን ግን ሳያውቀው አይቀርም፤ ጠመንጃው በተወለወለ ማግስት በራችን ላይ ሲያልፍ ሰላም ማለቱን ወይም መንገድ መለወጡን ማየት ነው።